ኮቱን ሳራግፍ ላይቭ ገባሁ

አሰላሙ ዓለይኩም ወገኖቼ። ዛሬ ጠዋት ራሴን በራሴ ጉድ አደረግሁ! የማንም እጅ የለበትም።

ያያችሁ አይታችኋል። ያላያችሁ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት።

ነገሩ የባለቤቴ ኮት ነው። ስማቸውን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። በእኛ ጊዜ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ የልጅ አባት ነው የሚባለው። ልጅ እስኪወለድስ? «ይሰሙኛል?» እያሉ መኖር ነዋ!

የሀያት አባት፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት። ቤታችን ደግሞ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ጠዋት በብርዱ ኮት ለብሰው ይወርዳሉ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ይሞቃቸዋል፤ ያወልቁታል፤ እዚያው ይረሱታል። ማታ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ!

በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እኔም ጋቢ ይዤ ሚኒባስ መቆሚያው ጋ እጠብቃቸው ነበር። «ይልበሱ» እላለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

ኮቱን ሳይረሱ የመጡ ቀን ደግሞ ትከሻው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። በር ላይ አቁሜ በእጄ አራግፍላቸዋለሁ። «ቤቴን ፋብሪካ አደረጉት እኮ!» እላቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ይቆማሉ።

ሲሞቱ አላለቀስኩም። ማልቀስ አልችልበትም። ታላቅ እህታቸው እትዬ ጦይባ፣ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት፣ ይህን አልረሱልኝም።

ባለፈው ዒድ ደውለው ኮቱን ጠየቁኝ። «የወንድሜ ማስታወሻ ይሁነኝ።»

አልሰጥም አልኩ። ለምን ሲሉኝ «እንዲሁ» አልኩ።

«ላንቺ እኮ ጨርቅ ነው! በሕይወት እያለ ስሙን እንኳ ጠርተሽው አታውቂ!» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ሀያት ትናንት «እማዬ፣ ስጫቸውና እርቅ ይውረድ። እስቲ ኮቱን በቪዲዮ ቅረጪልኝ፣ ብል በልቶት እንደሆነ ልየው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ኮቱ ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ነው የሚሰቀለው። ስልኩን ከፔርሙሱ አስደግፌ ወደ ኮቱ አዞርኩትና ቀዩን ነገር ተጫንኩ። ቀይ ሁሉ መቅረጫ መስሎኝ!

ላይቭ ነው ለካ!

ብቻዬን ስሆን ኮቱን አናግረዋለሁ። ይኼው ተናዘዝኩ። እናንተ ግድግዳ አናግራችሁ አታውቁም?

«የሀያት አባት» አልኩ፣ «እህትዎ ኮቱን ካልሰጠሽኝ ብለው ይኸው አኩርፈዋል። ያውቋቸው የለ? አንድ ነገር ከያዙ በቅሎ ናቸው።»

አዎ። በቅሎ ብያለሁ።

«ልስጣቸው ብዬም ነበር። ግን በሩ ባዶ ይሆንብኛል።» ይህን እያልኩ እጄ በራሱ ሄዶ የኮቱን ትከሻ ያራግፋል።

ከዚያ የሆነው ነገር እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም። «ሰይድ» አልኩ። «ሰይድዬ። አይብረድህ።»

በሕይወት ዘመኔ የመጀመሪያዬ።

ዞር ስል ስልኩ ላይ ቀያይ ልቦች ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። የተበላሸ መስሎኝ በነጠላዬ ጠረግሁት! ቀረብ አድርጌ ሳየው «እማማ፣ ላይቭ ላይ ነዎት!» ይላል። የሰፈራችን ባለሱቅ የሚያለቅስ ፊት ልኳል። ነገ ከእሱ ስኳር እንዴት ልግዛ?

ከሥሩ አንድ ኮሜንት አለ። የእትዬ ጦይባ ነው። አንዲት ቃል።

«በቅሎ?»

ማጥፊያው ጠፋኝ። ስልኩን በጋቢ ጠቀለልኩት። ድምፁ ግን ይሰማ ነበር አሉ፤ «ያረቢ፣ ያረቢ» ስል።

ጋቢው ውስጥ እንዳለ ጮኸ። እትዬ ጦይባ ናቸው።

«በቅሎ ነኝ?»

«አፉ ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ለመሆኑ ኮቱ ላይ ብናኝ አለ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ስታራግፊ የነበረው?»

እጄ እንደገና ኮቱ ትከሻ ላይ ነበር።

የእሳቸው ድምፅ ተለወጠ። «ኮቱ እዚያው ይቀመጥ። ብቻ ነይና ስሙን እየጠራሽ አውሪኝ። እዚህ ቤት ስሙን የሚያነሳልኝ ሰው የለም።»

ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ኮቱን ለብሼ ነው የምሄደው፤ እሳቸውም ይዩት፣ ይዳብሱት። በዚያ ሙቀት ላቤ እንደሚንቆረቆር አውቃለሁ። እዚያ አውልቄ ረስቼው እንዳልመጣ ብቻ ዱዓ አድርጉልኝ!

ገጹን የከፈተችልኝ ሀያት ናት፤ ቪዲዮውን ላጥፋው ወይ ትለኛለች። «የበቅሎዋን ቆርጠሽ ሌላውን ተይው» አልኳት። «እትዬ ጦይባ በቅሎዋን እንዳትነኪ ብለውኛል» አለችኝ።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ላይቭ የሚባል ነገር በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ፣ ሰይድ ስሙን ከእኔ አፍ ይሰማ ነበር?

ራሴን አውቃለሁ። ማጥፊያውን ቀድሜ ተምሬ እገኝ ነበር።