አባ ወርውርለት ድምፃቸውን ያጡ ዕለት

ሠርግ ያለ አኩራፊ፣ ኳስ ሜዳም ያለ ወርውርለት ኖሮ አያውቅም። ወርውርለት ማለት ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብሎ፣ አሠልጣኙን ከነደመወዙ ከንቱ አድርጎ፣ «ለእሱ ወርውርለት!» እያለ የሚጮኸው ሰው ነው። «እሱ» የተባለው ደግሞ ምንጊዜም ኮከቡ ተቀባይ ነው፤ ከጓደኞቹ ርቆ ሜዳው ዳር የሚቆመው፣ ከዚያም እንደ ሚዳቋ ሮጦ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ ከሰማይ የሚቀጥፋት ረጅም ልጅ። ኳስ በእግር ሳይሆን በእጅ በሚወረወርባት በአሜሪካዋ አላባማ ወርውርለት የሌለው ከተማ የለም። ትንሿ ፓይን ሆሎ አንድ ብቻ ነበራት፤ እሱም ለሦስት ከተማ ይበቃ ነበር።

ክቡርነታቸው አቶ ኦዴል ታርቨር ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ በየቤቱ የጋዝ ሲሊንደር ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደወል ያልነበራት መኪናቸው ድምፃቸውን አጎለመሰችው ይባላል። ከተማው «አባ ወርውርለት» ብሎ የሾማቸው ሹመቱ ስለሚገባቸው ነው።

ከጎናቸው የምትቀመጠው ሎሪን ፊፕስ ቦታውን አልመረጠችውም። የሟች ባሏ መቀመጫ ነበር። ባዶውን ማየት ሲከብዳት አንድ ቅዳሜ ትራሷንና አንድ ከረጢት የተቀቀለ ለውዟን ይዛ መጣችና በዚያው ቀረች። ሎሪን ጨዋታውን ብዙም አትከታተልም፤ የምታየው ጥቃቅኑን ነው። የማንኛው ልጅ ማሰሪያ እንደተፈታ፣ የትኛዋ እናት ጥፍሯን እንደምትበላ፣ ኤሞሪ የሚሉት ትንሹ ተቀባይ የግራ ካልሲው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠቅልሎ እንደሚውል። ወርዳ ካልሲውን ብትስብለት ደስ ባላት።

መጮህማ ከነጭራሹ አታውቅበትም። አንዴ የጓሮዋ ሣር በእሳት ሲያያዝ ጎረቤት ሄዳ፣ በሩን በቀስታ አንኳኩታ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቃ፣ የሚጋገረውን ዳቦ ሽታ አመስግና ስታበቃ ነው «ይቅርታ፣ አጥራችሁ ሳይያያዝ አይቀርም» ያለችው።

እንዲህ ላለች ሴት የአቶ ኦዴል ጎረቤት መሆን ቀላል ፈተና አይደለም። በተለይ ያ ዝምታ ሲመጣ። ኳሷ በራስ ቡድን እጅ ስትሆን የአገሬው ሰው በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ ጨዋታውን የሚመራውን የወርዋሪውን ትእዛዝ እንዲሰሙ። ሕፃን እንኳ ጡት ይሰጠዋል። አቶ ኦዴል የሚነሡት ልክ በዚያች ጸጥታ ነው።

«ወርውርለትትትት!»

ሎሪን ለውዟን ትደፋለች። ከኋላቸው የሚቀመጠው ጎሚስታው ሆይት ቦግስ፣ በልጅነቱ ከፊት ተሰልፎ ሲገፋ ጉልበቱን የሰበረ ግዙፍ ሰው፣ ይነሣባቸዋል።

«ኦዴል፣ ሰውዬ፣ ዝም በል! ያንተ ኮከብ እኮ ፀጉሩን ሲያስተካክል ነው የሚውለው። ከፊት ያሉት ግንቦች ባይገፉለት ወርዋሪው ቆሞ ይወረውር ነበር?»

«ያንተዎቹ በሬዎች ናቸው፣ ሆይት። በሬ ያርሳል፣ ተባረክ እንለዋለን። በሬ ሲያርስ አየሁ ብሎ ለጎረቤት የሚያወራ ግን ማን አለ?»

«እህል የሚበላ ሁሉ!»

«ስማኝ፤ ትሬቮን ሳይክስ ሜዳ ላይ ቆሞ ቢያዛጋ እንኳ ግማሹን አሸንፈናል!»

ይህችን ነገር አቶ ኦዴል የትሬቮን ወላጆች እሱን ከመውለዳቸው በፊትም በሌሎች ልጆች ስም ሲሏት ኖረዋል። ሜዳ ላይ ብቻም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ኤልያስ መጎናጸፊያውን ኤልሳዕ ላይ እንደጣለበት ሲያስተምሩ፣ አቶ ኦዴል ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው፣ «አያችሁ? ያ ልጅ ባይቀበልስ? ጨርቅ መሬት ላይ ወድቆ ይቀር አልነበር?» ብለዋል። «ወንድም ኦዴል፣ ስብከቱ አላለቀም» አሏቸው ፓስተሩ። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራዋ ጀርባዋን ሰጥታ አበባዋን ልትወረውር ስትል «ለረጅሟ ወርውሪላት!» ብለው ቢያንባርቁ፣ ደንግጣ ኬኩ ላይ ጣለችው።

እንግዲህ የዘንድሮው ቡድን፣ ጭልፊቶቹ፣ ለዋናው ዋንጫ ከቀያዮቹ ከዳንከን ስፕሪንግስ ጋር ሊገጥም ሳምንት ሲቀረው፣ አቶ ኦዴል ጉሮሯቸውን ታመሙና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሟ ኮስተር ያለች ወጣት ናት። «እስከ ገና ትንፍሽ እንዳይሉ» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ቢጮኹ፣ በቃ፣ ዕድሜ ልክዎን ሲያንሾካሹኩ ይኖራሉ።»

የዋንጫው ቅዳሜ መጡ፤ የልጅ ልጃቸውን ጥቁር ሰሌዳ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጠመኔያቸውን እንደ ሲጋራ ጆሯቸው ላይ ሰክተው።

«አይዞዎት፣ ሚስተር ኦዴል» አለች ሎሪን። «ገና እኮ ሩቅ አይደለም።»

«ሰው ሁሉ ጸሎቱ ተሰማለት» አለ ሆይት ከኋላ፣ ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም። ከኪሱ የጉሮሮ ከረሜላ አውጥቶ በትከሻቸው በኩል አቀበላቸው።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ዝምታው መጣ፤ ማንም አላወከውም። ሎሪን ለዓመታት በልቧ ስትለምነው የኖረችው ጸጥታ ይኸው ደረሰላት፤ አልጣማትም። ለውዟን ሳትደፋ በልታ ጨረሰችና ሁለተኛውን ከረጢት ከፈተች። ሜዳው ዶሮ የሌለበት ጠዋት መሰላት። አቶ ኦዴል ሰሌዳቸው ላይ «ወርውርለት» ብለው ጽፈው ከፍ ሲያደርጉ፣ «አያሳየንም፣ ዝቅ ያድርጉት!» ከማለት በቀር ያነበበላቸው የለም። ትሬቮንን አንድ ቀይ ጠባቂ እንደ ጭጎጎት ተጣብቆበታል። ሌሎቹም ቀያዮች እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ይዘዋል፤ ወርዋሪው የሚወረውርለት ክፍት ሰው አጥቶ ኳሷን እንዳቀፈ ይወድቃል። ትሬቮን አንዲት ኳስ እንኳ አልያዘም።

መጨረሻው ደረሰ። ጭልፊቶቹ በአራት ነጥብ ተበልጠዋል፤ ከፊታቸው የቀረችው አንዲት ሙከራ ናት። ነጥብ የሚያስገኘው መስመር በቅርብ ይታያል። ካለፉት ዋንጫ፣ ካላለፉት ወደ ቤት። ልጆቹ ተሰለፉ። አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ቡኒ ውሻ እንኳ አጥሩ ሥር ጆሮውን አቁሞ ቀረ።

አቶ ኦዴል ተነሡ።

ሎሪን ቀና ስትል የአንገታቸው ጅማት እንደ ገመድ ተወጥሯል፤ ደረታቸው አየር ሞልቶ የሸሚዛቸው ሦስተኛ ቁልፍ ሊበጠስ ደርሷል፤ አፋቸው እየተከፈተ ነው። «ሚስተር ኦዴል፣ እንዳያደርጉት!» ልትል ፈለገች፤ ጊዜ አልነበረም። ዘላ ተነሣች፣ ለውዝ የነካ እጇን አፋቸው ላይ ጫነች፣ ድምፁም ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ወጣ።

«ወርውርለትትትት! ለትሬቮን ወርውርለትትትት!»

ፓይን ሆሎ በሙሉ ዞረ። የፓስተሩ ባርኔጣ ወደቀ። ከወዲያ ማዶ የቀያዮቹ አሠልጣኝ እንደ ነብር ዘሎ እጁን ወደ ትሬቮን ቀሰረ። «እሱ ላይ! ሁለታችሁም እሱ ላይ!» ሁለተኛው ጠባቂ ቦታውን ለቆ ሮጠ፤ ሦስተኛውም ወደዚያው አዘነበለ።

ኳሷ ለወርዋሪው ተሰጠች። ትሬቮን ሽቅብ ተፈተለከ፣ እጆቹን ዘረጋ፣ ሦስት ቀይ ሸሚዝ ተከተለው። ኳሷም ተወረወረች፤ ግን ወደ እሱ አይደለም! መሃል ሜዳው ላይ፣ ሰው በረሳው ቦታ፣ አንዲት የተጠቀለለች ካልሲ ስትሮጥ ሎሪን አየች።

«ኤሞሪ! ኧረ ኤሞሪ!»

ኤሞሪ ኳሷን በደረቱ አቀፋት፣ ተደናቀፈ፣ ሁለት እርምጃ በእጁም በእግሩም ሄደ፣ ተነሣ፣ መስመሩን አልፎ በግንባሩ ተደፋ። ሜዳው ፈነዳ! ሰው ሰው ላይ ወጣ፤ የማያውቀውን የሳመ አለ፤ የተጣላው ዘመዱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቀሰ አለ።

ሎሪን ግን አፍራ ተቀምጣ ነበር። «ሳይወረውርለት ቀረ እኮ፣ ሚስተር ኦዴል» አለች፤ ድምፅዋ እየሻከረ ነበር። «ምናልባት በደንብ አልጮኽኩም ይሆናል።»

አቶ ኦዴል በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሳቁ ድምፅ የለውም። ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ወልውለው ጻፉ፦ «ለኛ ልጆች መሰለሽ የምጮኸው?»

አየቻቸው። አጠፉና እንደገና ጻፉ፦ «ለነሱ ነው እንጂ።» በጠመኔያቸውም ማዶ ያለውን፣ ራሱን ይዞ የተቀመጠውን የቀያዮቹን አሠልጣኝ አሳዩዋት።

ይህ ሁሉ ዘመን? ሎሪን አሰበች። ኳሷ ወደ ሌላ ልጅ በሄደች ቁጥር ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጡ ታስታውሳለች። ያ ሌላው ልጅ ነጥብ ሲያስቆጥር ግን ባርኔጣውን ለማንሣት አጎንብሰው ብዙ ይቆዩ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ አታውቅም። ወይስ ሰውዬው ይህችን ነገር አሁን፣ እዚሁ፣ ጠመኔው ጫፍ ላይ ነው የፈጠሯት? ከአባ ወርውርለት አይጠፋም። ልትጠይቃቸው ስትል ሆይት በደስታ አብዶ ከኋላ መጣና እቅፍ አድርጎ አነሣቸው። ሰሌዳው በሁለቱ ቦርጭ መሃል ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ሰኞ ጠዋት ሎሪን ጎማዋን ልታስነፋ ሆይት ጋ ሄደች። ድምፅዋ ከቅዳሜ ወዲህ አልተመለሰም። አቶ ኦዴል የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሆይት ሥራ ፈትቶ ለደንበኞቹ ይሰብካል።

«ንገሩኝ እስቲ፣ ትሬቮን ቅዳሜ ስንት ኳስ ያዘ? ባዶ! ያሸነፍነው በማን ነው? በግንቦቹና በዚያ ካልሲው በሚወርድ ልጅ! ኮከብ ተቀባይ ምን ይጠቅማል? በል ኦዴል፣ መልስ!»

አቶ ኦዴል ባዶ አንገታቸውን ዳሰሱ።

«ሚስ ሎሪን፣ አንቺስ? አንቺ እኮ ነሽ ያበድሽው!»

ሎሪን አፏን ከፈተች። ነፋስ ብቻ ወጣ። በፓይን ሆሎ መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«አሃ! ዝምታ መስማማት ነው!» አለ ሆይት፣ በድል።

አቶ ኦዴል አልተከራከሩም። ከጎማው ክምር ላይ ወርደው፣ ግቢውን ተሻግረው፣ ከሁሉ ርቀው ዳር ላይ ቆሙ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የሎሪንን የለውዝ ከረጢት አዩ። ሎሪን ገባት። አንዲት ለውዝ መርጣ አወጣች፣ ሰዉን ሁሉ ስታይ ግን እንደ ልማዷ አፈረችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሆይት ቦግስ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ሰውዬውን አየ። አልቻለም።

«ኧረ ወርውሪለት!»