ለሚስጥር የተሰጠ ዣንጥላ

በእኛ በፍኖተ ሰላም ወሬ በነፃ ነው። ባጃጅ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ባለችው አጭር መንገድ የሰው ትዳር፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ኩላሊት ሳይጠይቅ ይነገረዋል። ታዲያ ሰው የሚነግራቸውን በመስማት የሚተዳደሩ እንግዶች ከተማችን ገቡ ሲባል፣ ምነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ባልጣልኩ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጸጸትኩ። ለካ መስማትም ሥራ ነው። የእነሱ ጆሮ እንዲያውም ውሎ አበል አለው።

እንግዶቹ ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ናቸው። ይህን ጉድ ሴቶቹ ለባላቸው እንኳ አይተነፍሱትም። እስቲ እናንተ ራሳችሁ፣ የማታውቁት ሰው ወረቀት ይዞ በቀን ስንት ጨርቅ ትቀይራላችሁ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ መለሱ። ከቆጋ መስኖ የሚመጣ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናቸው፤ ሦስት የገበያ ቀን እየተዉ፣ እኅቴ ጋ አድርሰኝ እያሉኝ፣ ጥናቱ የሚካሄድበት ቤት ደጃፍ አወረድኳቸው። ባጃጅ ነጂ የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው። አላየሁም።

ለሴቶቹ ድካም ምን ይሰጥ ብለው ተመራማሪዎቹ ስብሰባ ተቀመጡ አሉ። ብር ያማልላቸዋል፣ በገንዘብ የገዛናቸው ያስመስላል ተባለ። ክረምቱም እየገባ ነበርና ከአንድ ሱቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዣንጥላ ተገዛላቸው፤ ደማቅ ሐምራዊ፣ ጠርዙ ነጭ። ክፋት አልነበረበትም። አገር ምድሩን ቢዞሩ ሁለተኛ እንዲያ ያለ ዣንጥላ አለመኖሩን ግን ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ዕለት ገበያው ዳር ቆሜ ሳለሁ ዝናቡ በቡሬ በኩል መጣ። መጀመሪያ ሽታው፣ ከዚያ ጨለማው፣ ከዚያ የጋሪ ፈረሶቹ ጆሮ ቀጥ ማለት። በባጃጄ ላስቲክ ውስጥ ሳየው ዓለሙ ሁሉ ቀልጦ የሚፈስ መሰለኝ። በዚያ መሃል አንድ ሐምራዊ ነገር ተከፈተ። ከበርበሬው ተራ ሌላ። ከእህሉ ተራ ማዶ ሌላ። ግራጫ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ አበቦች መሰሉኝና ፈዝዤ ቀረሁ።

ከፈዘዝኩበት የመለሰኝ አጠገቤ የተጠለለ ጨው ነጋዴ ነው። ዣንጥላው ለማን እንደተሰጠ የጥናቱ ቤት ዘበኛ ነግሮት ኖሯል፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ኧረ ሰባት ሆኑ። እነዚህ ሁሉ ናቸው እንዴ የሚያመልጣቸው?» አለ።

ሴቶቹ ዣንጥላ ለዣንጥላ ተያዩ። ገበያተኛውም አያቸው። መጀመሪያ እትዬ ጥሩነሽ አጠፉት፤ ከዚያ የበርበሬዋ፤ ከዚያ ሁሉም። ሰባት ሴቶች ዣንጥላ በእጃቸው ይዘው በዝናብ ሲበሰብሱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያሳያችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ጥሩነሽ ገበያ አልወጡም። በሌላውም። ከማኅበራቸውም ቀሩ፤ ሽንኩርቱ ጓዳ ውስጥ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እኅቴ ጋ ማለቱን ትተው፣ ጥናቱ ቤት ውሰደኝና አብረኸኝ ግባ አሉኝ።

ከጥናቱ ኃላፊ፣ የልጃቸው እኩያ ከሆነችው ሐኪም፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ልጄ፣ ስማችንን በቁጥር ለውጣችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፋችሁበት። እሰየው። መልሳችሁ ደግሞ በየአናታችን ላይ ዘረጋችሁት» አሉ።

ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። «ምን ብንሰጥዎ ይሻል ነበር?»

«ይኸንኑ ቀድመሽ ብትጠይቂኝ። የቀረብኝን ገበያ ብትክሺኝ። ብር እንደሁ የኔ ካንቺ አይለይም፣ በማን ላይ ያሳብቃል?»

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ለተዉት የገበያ ቀንና ለመሳፈሪያቸው ብር በእጃቸው ይሰጣቸው ጀመር። ያማልላል የተባለው ብር ማንንም አላማለለም፤ ሽንኩርት ተገዛበት።

ገበያው ያየው ዣንጥላ ግን አንዴ ታይቷል። እኔም አንድ ሽቦዋ የተሰበረ ጥቁር ዣንጥላዬን ለእትዬ ሰጥቼ የእሳቸውን ወሰድኩ። ለባጃጅ ጓደኞቼም ሐምራዊ እወቁበት፣ ፋሽን ነው አልኳቸው፤ የቀሩትን ስድስቱን ከሴቶቹ ጋር በየፊናቸው ተለዋውጠው ያዙ። ጨው ነጋዴው ቆጠራው ተምታቶበት፣ ወንዱንም ያመልጠዋል ማለት ነው እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ። እትዬ ጥሩነሽ ቦታቸው ተመልሰዋል።

እጮኛዬ ግን ይህ የሴት ዣንጥላ ነው፣ የማናት አለችኝ። ብነግራት በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልነገርኳትም። ስልኬን ማንሳት ካቆመች ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ዝናብ ሲመጣ ብቻዬን እዘረጋዋለሁ። ለነገሩ ጥሩ ዣንጥላ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም።