የካፒቴን አብዱልቃዲር ዲሲ-ስድስት

ያልሠራውን ሥራ ከሠሩት አብልጦ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ፣ እኔ አልደረስኩበትም። የእኛ የአሰበ ተፈሪዎቹ ክቡር ካፒቴን አብዱልቃዲር ይባላሉ። ድሬዳዋ አውሮፕላን ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ውስጥ ጠርገዋል። አንድም ቀን ግን ከመሬት አልተነሡም። ይህን የምናውቀው ባለቤታቸው ኩብራና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ እዚያው ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ።

ሥራ ሲለቁ፣ ሲጠርጉት የኖሩትን ባለ አራት ፕሮፔለር ዲሲ-ስድስት ሳሎናቸው ውስጥ ሠሩት። መሪው ከአሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የተፈታ ነው። ሰዓቶቹ የዘይት ቆርቆሮ ክዳን፣ የነዳጅ መስጫዎቹ አራት የመዶሻ እጀታ፣ ቀበቶው የኩብራ መቀነት። ጫት ሊቅም የመጣ እንግዳ ሁሉ ተሳፋሪ ነው፤ ሳይታሰር አይቀመጥም፣ ካፒቴኑ ሳያሳርፉ አይወጣም። ሂርና ላይ ስንደርስ «አየሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ታምቋል፤ ጆሯችሁ እንዳይደፈን ምራቅ ዋጡ» ይላሉ። ምን ይደረግ፣ እንውጣለን። አንዴ ወደ አዲስ አበባ ስንበር የቀበሌው ሊቀ መንበር ለስብሰባ ሊጠራን መጥቶ፣ አሰቦትን አልፈን እስክናርፍ ታስሮ ተቀምጧል።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ጎረቤታችን አዴ ሞሚና፣ ወታደር ልጇ ጂብሪል ቆስሎ አስመራ ሆስፒታል መተኛቱን ሰማች። የመኪናው መንገድ በጦርነት ተዘግቷል። ዘመድ የአውሮፕላን ትኬት ገዛላት፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች።

«እዚያ ላይ አየር የለም አሉ። ታፍኜ ከቀረሁ ልጄን ማን ያየዋል?»

ካፒቴኑ ሦስት ቀን ሙሉ አበረሯት። ኩብራ ከኋላ ወንበሩን ትንጣለች፤ እሳቸው «አትደንግጪ አዴ፣ ደመና ነው፤ ያልፋል» ይሏታል። «ይኼ ሰውዬ ምኑንም አያውቅ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጇን ሳስብ ተውኩት።

ሄደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተመለሰች፤ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደ ካፒቴኑ ሳሎን መጣች።

«ሁለት ቀን አብሬው ቆየሁ» አለች። «ውሃ በእጄ አጠጣሁት። ሸሃዳውን ብሎ እጄ ላይ ነው የሄደው። አላህ ይስጥህ፤ አንተ ነህ ያደረስከኝ።»

ካፒቴኑ አንገታቸውን ደፉ። «አዴ፣ እኔ እኮ አንድም ቀን በርሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ሳልሄድ ኩብራ ነግራኛለች። ታዲያ ሌላ ማን ነበረኝ?»

ዓመታት ስቄባቸዋለሁ፤ ያን ቀን አፈርኩ። በረራ አልነበረም፣ የጠራኝም የለም። ከኋላቸው ተቀመጥኩና መቀነቱን በራሴ እጅ አሰርኩ።