ንብና በቀቀን የመረመሩኝ ዕለት

ትናንት ሕልም አየሁ። የት ተኝቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ትደርሱበታላችሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ሙዚየማችን ውስጥ ዝናብ ገብቶ የደረቁት ወፎች በሰበሱና፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድገዋ የዕቃ ቤት ሠራተኛችን አምሳለ ተጠያቂ ተባለች። ሲጋራ ላጨስ መስኮቱን ከፍቼ የረሳሁት ግን እኔ ነበርኩ። አፈር በበላሁ!

በሕልሜ ሙዚየሙ ተገልብጧል። ዝናቡ ከወለል ወደ ጣሪያ ይዘንባል። ዳይሬክተራችን ደረታቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድመዋል። «ይመቻል፣ ና» አሉኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተሰካሁ።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ንብ መጣች። መነጽር ያጠለቀ በቀቀን ተከተላት። ስም ጽፈው የሚለጥፉብን እነሱ ናቸው።

«ይሄ ከማን ወገን ነው?» አለች ንቧ።

«ይናገራል?» አለ በቀቀኑ።

«አለቃው ያሉትን ይደግማል» አለች ንቧ።

በቀቀኑ አፈረ። «እኔስ ወፍ ነኝ፤ የሰማሁትን ብደግም ማን ይፈርድብኛል?» አለ።

ንቧ ትከሻዬ ላይ አረፈች። «በቀቀኑ ሃምሳ ዓመት ይኖራል። እኔ ግን ቀፎዬ ሲነካ አንዴ እናደፋለሁ፣ በዚያው እሞታለሁ። አንተስ ስለ ሰው ብለህ ተጎድተህ ታውቃለህ?»

«ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ» አልኳት። «ደግሞም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እኔ ዝንብ አይደለሁም!» ብላ ተቆጣች።

ሣጥኑ በአንዴ አዳራሽ ሆነ። ወንበሩን ሁሉ በቀቀኖች ሞልተውታል፤ አንዳቸውም አይናገሩም። ንቧ «በቀቀን» የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ልትለጥፍ ተጠጋች።

እንዴ! ሰው አይደለሁም እንዴ? መርፌውን ነቀልኩና ብድግ አልኩ። «መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» ልል እጄን አወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄ እንዲያ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አያውቅም። ልቤን ቅልል አለኝ።

ጎኔን በክርን ጎሸም ሲያደርጉኝ ነቃሁ። የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ነኝ፤ እጄ እንደተሰቀለ ነው። ዳይሬክተሩ «አምሳለ ከሥራ እንድትሰናበት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብለው ቃለ ጉባኤውን ይዘጋሉ።

የጎሸመችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው አምሳለ ነበረች።

«ጋሽ ታፈሰ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እጅዎን ያውርዱት፣ ይደክምዎታል። ተቆጥሯል።»