ኦፔራ በሰሊጥ መጋዘን

አንዳንድ ሙያ አለ፣ ስሙን መጥራት ብቻ ይበቃዋል። ሐኪም ነኝ ስትሉ ወገቡን የሚያሳያችሁ፣ ጠበቃ ነኝ ስትሉ የድንበር ክርክሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚጀምርላችሁ ሰው አይጠፋም። የኔ ሙያ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ‹‹የኦፔራ ዘፋኝ ነኝ›› ስል ሰው መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ያየኛል፤ ቀጥሎ ያዝንልኛል። አዲስ አበባ ላይ ‹‹ያ የሚጮኹበት ነው?›› ይሉኛል። መተማ ላይ ደግሞ ጥያቄው ጠንከር ይላል፤ ‹‹ማን ነው የሚያስጮህሽ?››

ማንም አላስጮኸኝም። ራሴ ነኝ። እዚያው መተማ አገር፣ ሽንፋ አጠገብ፣ ሰሊጥ እርሻ ዳር ነው ያደግሁት። ትራክተሩ እያጓራ ሠራተኛውን ለምሳ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ድምፄ ትራክተሩን አልፎ፣ ማሳውን አቋርጦ፣ ወዲያ ማዶ ጥላ ሥር የተኛውን ሳይቀር ይቀሰቅስ ነበር። አንድ አስተማሪዬ ይህን ሰምቶ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንድፈተን ገፋፋኝ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ከዚያም ምራቅ ከአፍ ሳይወጣ በረዶ ይሆናል ወደሚባልበት ብርዳም አገር በነፃ ትምህርት ተላክሁና እዚያ ዓመታት ሙሉ መተንፈስ ተማርኩ። አዎ፣ መተንፈስ! እናቴ ይህን ስነግራት፣ ‹‹እዚህ ሳለሽ በምን ነበር የምትኖሪው?›› ብላኛለች።

ተመርቄ ያልሆንኩት የለም። በውጭ አገር መድረክ ላይ ገረድ ሆኛለሁ፤ የጠንቋይ ጓደኛ ሆኛለሁ፤ ሱሪ አጥልቀው ወንድ አሽከርም አድርገውኛል። ንግሥት ሆኜ አላውቅም፤ የንግሥቲቱን ቀሚስ ጫፍ ግን ከኔ የተሻለ የያዘ አልነበረም። በትልልቅ አዳራሾች ከኦርኬስትራ ፊት ቆሜ በላቲን ለሙታን ዘምሬያለሁ። አገሬ ስመለስም በኤምባሲ ግብዣ ላይ ሳምቡሳ በሚያኝኩ እንግዶች መሐል ዘፈንኩ፤ በሬዲዮ ለሳሙና ማስታወቂያ አዜምኩ፤ በልጆች የካርቱን ፊልም ላይ ላም ሆኜ እምቧ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላሟ ላይ በደንብ ነው የተነፈስኩት።

ከዚያ እናቴ ታመመችና መተማ ወረድኩ። አስታመምኳት፤ ቀበርናት። እኔም ታላቅ ወንድሜ አያሌው ቤት ቀረሁ። አያሌው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ቃሉ አጭር፣ እጁ ሰፊ ሰው ነው። ሙያዬን በተመለከተ በመካከላችን ያልተጻፈ ውል ነበር፤ እሱ አይጠይቅም፣ እኔም አልናገርም። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬን ሳሟሽ ለጎረቤት ‹‹ጥርሷን ያማታል›› ይል ነበር።

ውሉን ያፈረሰው ኢድሪስ ነው።

ኢድሪስ ሱዳናዊ ነው። ጦርነቱ ከካርቱም ካስወጣቸው ሰዎች ጋር ድንበሩን ሲሻገር ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳይዝ አኮርዲዮን ግን ተሸክሞ ነበር። ልብስና ሸቀጥ የምትነግደው ወይዘሮ ዘሃራ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጥታዋለች። አንድ ቀን ሻሽ ልገዛ ሱቋ ስገባ ከጓሮ አኮርዲዮኑ ተሰማኝ፤ ሻሹን ጥዬ ወደ ድምፁ ሄድኩ። ሰውዬው አማርኛ የተማረው ከፍቅር ዘፈን ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃ ሲጠይቅ እንኳ ‹‹የኔ ፍቅር፣ ተጠማሁልሽ›› ነው የሚለው። እኔም አረብኛዬ ከገበያ አያልፍም። ነገር ግን አንድ ዜማ ሳንጎራጉርለት ወዲያው ተከተለኝ፤ አንድ ድምፅ ከፍ ስል ከፍ አለ፤ ስዘገይ ጠበቀኝ። ከብርዳሙ አገር ወዲህ እንዲህ የጠበቀኝ አጃቢ አልነበረኝም። ያን ቀን ቆረጥኩ። መተማ ላይ ኮንሰርት አቀርባለሁ፤ ግማሽና ሩብ የሌለው፣ ሙሉ ኮንሰርት።

ለአያሌው ነገርኩት። ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ።

‹‹አንች፣ ልጄን ቄስ ቤት ልድራት መሆኔን ታውቂያለሽ?››

‹‹አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም።››

‹‹አክስቷ አደባባይ ወጥታ ዘፈነች ሲባል ምን ይሉኛል?››

‹‹ጥሩ ዘፈነች ይሉሃላ።››

አልሳቀም። ‹‹ከዘፈንሽ ከዚህ ቤት ሆነሽ አትዘፍኝም›› አለና ሁለተኛውን ጫማ ፈታ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዘሃራ ሄድኩ። እልኸኛ ናት ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ቀሚስ ጫፍ የያዝኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነበር?

መጋዘኑን ዘሃራ ሰጠችን። አዝመራው ገና ስለነበር ባዶ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጥግ ላይ የተቆለሉ ጆንያዎች። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ነው። ግን አንዴ ድምፄን ለቀቅኩበትና ደነገጥኩ፤ ድምፁ ጣሪያውን ነክቶ እየተጠቀለለ ተመለሰልኝ። ስንት ሐር የለበሱ አዳራሾች ይህን ነፍገውኛል! ሳምንታት ተለማመድን። ቃሉ ጣልያንኛ ስለሆነ ኢድሪስ ዜማውን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም፤ እኔም ልንገርህ አላልኩ፣ እሱም አልጠየቀም።

እሑድ ከሰዓት መጋዘኑ ሞላ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለሥራ የወረደው ሁሉ መጣ። አንዳንዱ ሊሰማ፣ አብዛኛው የአያሌው እህት ምን እንደምትሆን ሊያይ። የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመርኩ። ከፍ ወዳለው ድምፅ ስደርስ ከኋላ ያሉ ጎረምሶች አብረውኝ ጮኹ፤ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ጨረስኩት። ሁለተኛው ላይ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እሱንም ጨረስኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው። በሩ ላይ፣ ከውጭ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ቆሟል። አያሌው ነው።

ሦስተኛውን ልጀምር ስል ገባኝ። ለነዚህ ሰዎች ማን እንደሚጮህና ለምን እንደሚጮህ አልነገርኳቸውም! ሰው ምክንያቱን ያላወቀው ጩኸት ቢያስቀው ምን ይፈረድበታል? አኮርዲዮኑን ቆይ አልኩና ዞርኩላቸው።

‹‹አሁን የምትሰሟት ሴት ወንድሟ ጦርነት ላይ ሞቶባታል›› አልኳቸው። ‹‹ሬሳውን አላገኘችም። አላለቀሰችለትም፣ አልቀበረችውም። አሁን ወንዝ ዳር ቆማ ትጠራዋለች። ይኸው ነው።››

ሳቁ ቆመ። ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ሳልደርስ ከሥሬ ያለው መሬት የተነሳ መሰለኝ። የአኮርዲዮኑ ድምፅ የለም። መምህራኔ ጣሪያ ቢወድቅ እንኳ አታቁሚ ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ ዜማውን በጭንቅላቴ ይዤ ብቻዬን ቀጠልኩ። ዞር ስል ኢድሪስ ግንባሩን አኮርዲዮኑ ላይ ደፍቷል፤ ጀርባው ይርገበገባል። ዘሃራ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ በአረብኛ ጠየቀችው፤ መለሰላት። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነበር።

‹‹ወንድሙ ነው›› አለች ለሕዝቡ። ‹‹ካርቱም ላይ። እሱም አልቀበረውም።››

ከዘፈን የተማረው አማርኛ ‹‹ወንድም››ን ያውቅ ኖሯል። ‹‹አልቀበረችውም››ን ደግሞ ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ያኔ አቆምኩ። ነፍሴን ላልዋሻት፣ ትንፋሼ አለቀ። ሰዎች መነሳት ጀመሩ፤ መሄዳቸው ነው ብዬ ነበር። አልሄዱም። አንድ በአንድ እየመጡ ኢድሪስ አጠገብ ጆንያው ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ቅድም ከጮኹት ጎረምሶች አንዱ ውኃ አቀበለው። አያሌውም ከበሩ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰዉን አልፎ ኢድሪስ ጎን ተቀመጠና እጁን ያዘው። እኔን አላየኝም።

ከፊት ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ‹‹ምን ቁመሽ ታያለሽ ልጄ?›› አሉኝ። ‹‹ጨርሽለት እንጅ!››

ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያለ አኮርዲዮን፣ ማንንም ላስደንቅ ሳልል። ሴትዮዋ ወንዙ ዳር ቆማ ወንድሟን ጠራች፤ ቆርቆሮው ተቀብሎ መለሰላት። የመጨረሻው ድምፅ ከጠፋ በኋላ ማንም አላጨበጨበም። በሕይወቴ ካቀረብኳቸው ሁሉ ጭብጨባ የሌለው ኮንሰርት ይህ ብቻ ነው። ሰዉ እየተነሳ ኢድሪስን ‹‹ያጥናህ›› አለው። እኔንም ‹‹ያጥናሽ›› አሉኝ፤ አሜን አልኩ። ኢድሪስ በቀላ ዓይኑ አያሌውን ቀና ብሎ አየና ሊያመሰግነው ፈልጎ፣ ባለው አማርኛ ‹‹የኔ ፍቅር›› አለው። አያሌው ራሱን ነቀነቀ። ‹‹አይዞህ›› አለው።

ስንወጣ ወንድሜ ሻንጣዬን ከዘሃራ ቤት ራሱ አንጠልጥሎ መጣ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ ‹‹ለቅሶ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?›› አለ። ‹‹ዘፈን ነው ስትይ እኮ ነው የከለከልኩሽ።››

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ኦፔራ ሰርግም እንዳለው፣ ሳቅም እንዳለው፣ ለቅሶ አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ልተነትንለት ነበር። ከዚያ ሻንጣውን አየሁት፤ የተማርኩትን ሁሉ ዋጥ አድርጌ ‹‹እሱስ አጥፍቻለሁ›› አልኩ። ሙያዬን ብርዳሙ አገር ያሉ መምህራኔ አንድ ስም ሰጥተውታል፤ መተማ ሌላ ሰጠው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ እናንተው ፍረዱ፤ እኔ በሁለቱም እተነፍሳለሁ። የወንድሜ ልጅ እንደሆነች ቄስ ቤት ተድራለች፤ ማንም ምንም አላለም።

ብዙም ሳይቆይ ከገለጉ ከተማ መልእክት መጣ፤ ‹‹ያችን የወንድሟን›› እንድናሰማቸው ነው። እንዴት እንደምንሄድ ከኢድሪስ ጋር ስንማከር አያሌው ‹‹በኔ መኪና›› አለና ንግግሩን ዘጋው። አሮጌ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ታጨቅን፤ ኢድሪስ አኮርዲዮኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። የኔ መስኮት መስታወት የለውም። መንገዱ ደግሞ መንገድ ከመባል የአቧራ ወንዝ ቢባል ይቀለዋል። ከፊታችን ያለ መኪና ያስነሳው አቧራ ገና ሲመጣብን አያሌው ድንገት ቀጥ አድርጎ አቆመ። ጎማ ፈነዳ ብዬ ነበር።

አንገቱ ላይ የጠመጠማትን ፎጣ ፈቶ አቀበለኝ።

‹‹አፍሽን ሸፍኝበት›› አለኝ፣ ወደ ፊት እያየ። ‹‹ጉሮሮሽ አቧራ እንዳይገባው።››

ከዚያ አቧራው እስኪበርድ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ።