ጉዳት የሌለበት ዲስክ

የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ በሥልጣን ዘመናቸው ጉዳት የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ይህ የዓይን ሕመም ሳይሆን የአመራር ጥበብ ነው። የደረጃችን ሦስተኛ እርከን ሲሰበር «ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ይሻገሩ» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ከማስታወቂያው ለጣፊ በስተቀር እስከ ዛሬ የወደቀ የለም።

የከተማውን ልደት ሁሉ የያዘው ኮምፒውተር መንተባተብ ሲጀምር፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ገብታ የሃርድ ዲስኩ አንዳንድ ቦታዎች መጎዳታቸውን አስረዳች። ዲስኩ የተጎዳውን ቦታ ምልክት አድርጎ ይዘለዋል፣ በምትኩም በመጠባበቂያ ቦታ ይጠቀማል፤ መጠባበቂያው ግን ሊያልቅ ነው።

«ይዘለዋል?» አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸው በርቶ።

«አዎ፣ ጋሼ። ግን እዚያ ላይ የነበረው ጽሑፍ...»

«ታዲያ ከእኛ አሠራር በምን ይለያል?»

በዚያው ሳምንት ዲስኩ በስብሰባ ተመሰገነ።

አዲስ ዲስክ ግምጃ ቤት ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የሚያስወጣው ቅጽ ግን «የጉዳቱ ዓይነት» የሚል መስመር አለበት። የዓመቱ ሪፖርት ደግሞ «ጉዳት፦ የለም» ብሎ ሄዷል። ሪፖርት አይዋሽም፤ ስለዚህ ኃላፊው አይፈርሙም፤ ስለዚህ ዲስኩ ጤነኛ ነው።

ማክሰኞ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ መጣች። የትምህርት ቤት ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። የልጅቷ መዝገብ ያረፈው ከተጎዱት ቦታዎች በአንዱ ላይ ነበር። ባለሙያዋ መዝገቡ ደጋግሞ በመሞከር ሊነበብ እንደሚችል፣ ሲነካካ ግን ዲስኩ ስለሚብስበት በቅድሚያ ሁሉንም የምትገለብጥበት አዲሱ ዲስክ እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። ኃላፊው ወደ እናቲቱ ዞረው፣ ልጅቷ በመዝገብ ስለሌለች አለመወለዷን በአባታዊ ርኅራኄ ገለጹላት።

«ይኸችውና፣ እጄን ይዛ ቆማለች» አለች እናቲቱ።

«እኅቴ፣ መቆም ሌላ፣ መወለድ ሌላ።»

ልጅቷ ቀና ብላ፣ ካልተወለደች ትምህርት ቤት መሄዱ ይቀር እንደሆነ ጠየቀች። በድምፅዋ ውስጥ ጥቂት ተስፋ ነበረ።

ኃላፊው ባለጉዳይ ባዶ እጁን ሲመለስ አይወዱም። «የተጠቀሱት ግለሰብ በመዝገባችን ስለሌሉ መኖራቸውን አናውቅም» የሚል ደብዳቤ በሦስት ቅጂ አሰጧት። እናቲቱ ልጇ ግንባር ላይ ትለጥፈው እንደሆነ ጠይቃ ወጣች። ደብዳቤው ግን እጅግ ስላማረ፣ ስሙ ብቻ ክፍት ተትቶ ቋሚ ቅጽ እንዲሆንና መዝገባቸው ላልተነበበ ሁሉ ያለ አድልዎ እንዲሰጥ ታዘዘ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ሐሙስ ጠዋት ባለሙያዋ መዝገባቸው ላልተነበበ ሠላሳ ሰዎች ቅጹን ሞልታ አቀረበች። ከሠላሳው አንዱ ራሳቸው ኃላፊው ነበሩ። እሳቸው ሲፈርሙ አያነቡም፤ ማንበብ ሠራተኛን አለማመን ነው ይላሉ። ሠላሳውንም ፈርመው ማኅተም አስመቱ።

ግምጃ ቤት ጠባቂው ሕግ አክባሪ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ባለሙያዋ ያመጣችላቸውን፣ ስለ ኃላፊው የተጻፈውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እርግጥ ነው፣ ልጄ?»

«ማኅተሙን ይዩት፣ አባባ።»

«ነፍስ ይማር እንዳልል አልተወለዱም» አሉ ሽማግሌው። ከዚያም ኃላፊ በሌለበት ምክትል ይፈርማል በሚለው ደንብ የዲስኩን ማውጫ ቅጽ ምክትሏን አስፈርመው ካርቶኑን አስረከቡ።

ዓርብ ከምሳ በፊት መዝገቡ ተገለበጠ። የልጅቷ ልደት በአሥራ ሰባተኛው ሙከራ ተነበበ። እናቲቱ ወረቀቷን ይዛ ሮጠች፤ ልጅቷ ቀስ ብላ ተከተለቻት።

የኃላፊው ልደት ግን እስካሁን አልተነበበም። ደብዳቤውን አስመጥተው መረመሩት፤ ፊርማቸው የራሳቸው ነው፣ የእሳቸው ፊርማ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። አሁን የመወለድ ማመልከቻ ይዘው ደረጃው አጠገብ ወረፋ ይጠብቃሉ። እኛም ስንወጣና ስንወርድ ሦስተኛውን እርከንና እሳቸውን በአክብሮት እየዘለልን እናልፋለን።