ቀይ ሥር፣ ይርጋ እና የኔ ትንፋሽ

እርጉዝ ሴት በደብረ ማርቆስ የሕዝብ ንብረት ናት። ከቤቴ ወጥቼ ባጃጅ እስካገኝ ድረስ አንዷ በቀኝ ጎንሽ ተኚ ትለኛለች፣ ሌላዋ ደግሞ በግራ። አስም ሲጨመርበትማ ምክሩ በኩንታል ነው። ደግነቱ፣ የመንገደኛን ምክር እሺ ብሎ ማለፍ ይቻላል። የባልን ግን በየት በኩል ያልፉታል?

ባለቤቴ ይርጋ የሒሳብ መምህር ነው። ያልተረጋገጠ መልስ የጻፈ ተማሪ ከሱ ምሕረት አያገኝም። ይኸው ሰው አንድ እሑድ ስልኩ ላይ ሲያነብ ቆይቶ ብድግ አለ። ዕፅዋት ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባል፣ ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከል ነገር አለ፤ አስም ያለባትን ነፍሰ ጡርም ሊረዳ ይችላል ይላል ጽሑፉ። ይርጋ «ሊረዳ ይችላል» የሚለውን «ያድናል» ብሎ አነበበው።

ከዚያ ወዲያ ገበያው ተጠቅልሎ ቤታችን ገባ። ቁርሴ ቀይ ሥር፣ መክሰሴ ካሮት፣ እራቴ ጎመን። በላሁ፤ ምን ከፋኝ? የከፋኝስ፣ ሐኪሜ በየቀኑ እንድስበው ያዘዘችልኝን የአስም መድኃኒት፣ ፓፌን፣ ካስቀመጥኩበት ያጣሁት ዕለት ነው። ይርጋ ኬሚካል ለልጃችን አይበጅም፣ ዕፅዋቱ እስኪሠራ ታገሺ አለኝ። ለካ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅሎታል። ይህን ሆድ ይዤ ወንበር ላይ እንደማልወጣ ያውቃላ! ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ጠዋት ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ደረቴን ያዘው። ትንፋሼ ያፏጭ ጀመር፤ ከንፈሬ ደነዘዘ። ይርጋ ምን ይዞልኝ ቢመጣ ጥሩ ነው? የቀይ ሥር ጭማቂ።

«ልጅህም...» አልኩት ቃል በቃል እየለቀምኩ፣ «በኔ ሳንባ... ነው የሚተነፍሰው።»

ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ወንበር ላይ ዘሎ ወጥቶ ፓፉን አወረደልኝ። ስቤ ትንሽ ቀለል ሲለኝ ደግፎ ባጃጅ ላይ አሳፈረኝና ሆስፒታል ደረስን። የልጃችን የልብ ምት በመሣሪያው ሲሰማ ይርጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቀሰ።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችው። አትክልቱን መብላቴ ጥሩ ነው፤ ምርምሩ ግን ገና ነው፣ ምግብም መድኃኒቴን አይተካም። ፅንሱን ይበልጥ የሚጎዳው የእናቱ አየር ማጣት ነው አለችው። ቀጥላም፣

«ይችላል ማለት ተረጋግጧል ማለት ነው እንዴ፣ መምህር?» ስትል ጠየቀችው።

መምህሩ ፓፉን አንስቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ችግሬ አለቀ ብላችሁ እንዳትደሰቱልኝ። አሁን ፓፉ ከኮቱ ኪስ አይወጣም። ሳዛጋ ይደርሳል፣ ሳስነጥስ ይደርሳል። ትናንት እንግዶቻችን ፊት ስለ አስም ሕክምና ረጅም ማብራሪያ ሲሰጥ እኔ በረጅሙ ተነፈስኩ። ወሬውን አቋርጦ፣ ፓፉን መዝዞ፣ እየሮጠ መጣ።

በረጅሙ ያስተነፈሰኝ አስሜ አልነበረም። እሱ ነበር።